ለላምቤቦ ማን ይቆማል

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ከድሮው መሥሪያ ቤቴ ተደወለልኝ። አዲስ ለተቀጠሩ ልጆች ሥልጠና ተዘጋጅቷል፣ «ባህልና አስተዳደር» የሚለውን ርዕስ እርስዎ ያስተምሩልን አሉኝ። አዳራሹ እዚሁ አዳማ፣ ከቤቴ በባጃጅ ጥቂት የሚያስኬድ ነው፤ እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ስገባ ግድግዳው ላይ በደማቁ የበራ ጽሑፍ ጠበቀኝ። «ባህል የአንድ ሕዝብ መገለጫ ነው» ይላል፤ ከሥሩ የሚጨፍሩ ወጣቶች ፎቶ አለ። ገና ወንበሬን ሳላሞቅ አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ፣ «እትዬ፣ እንደ እርስዎ ልምድ ባህል ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ የባህል ባለሙያ እየተባልኩ የመንግሥት እንጀራ የበላሁ ሴት መልስ አጣሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን እንዳልደግመው አላምንበትም፤ ሌላ እንዳልል ደግሞ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነገር አልመጣልኝም። «ከሻይ በኋላ እመለስበታለሁ» ብዬ አመለጥኩ። ከሻይ በኋላ ስለ ላምቤቦ መናገር ጀመርኩና ግማሽ ላይ ሰዓቱ አለቀ፤ ልጆቹ የአበል ፊርማ ነበረባቸውና ጥለውኝ ወጡ። አልተቀየምኩም፤ እኔም በነሱ ዕድሜ ለአበል እሮጥ ነበር። ግን ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ስለቀረ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

የተወለድኩት ወንጂ፣ የአገዳ ቆራጮች ሰፈር ውስጥ ነው። አባቴ ከከምባታ ለአንድ የአገዳ ወቅት ብሎ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ጎረቤቶቻችን በግራ ወላይታዎች፣ በቀኝ የወሎ ሰዎች፣ በጓሮ በኩል የአርሲ ኦሮሞዎች ነበሩ። ልጆች ሆነን ማንን በየትኛው ቋንቋ እንደምንሳደብ እናውቅ ነበር፤ እናቶቻችን ደግሞ በየትኛው እንደሚያስታርቁን። ከምባትኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከጓሮ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከመንገድ ለመድኩ። ይህን እንደ ዕውቀት የቆጠረልኝ ማንም አልነበረም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያው ነዋ።

ዕውቀት መሆኑን የነገሩኝ የወረዳው ባለሙያ ኦቦ ቱፋ ናቸው። አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን ሁለት ሴቶች በቦኖ ውሃ ወረፋ ተጣልተው መጡ። አንዷ ከኦሮምኛ፣ ሌላዋ ከከምባትኛ ውጪ አትናገርም። አስተርጓሚ ጠፋ ሲባል እኔ ከታይፕ መኪናዬ ሳልነሳ ለሁለቱም እየመለስኩ አግባባኋቸው። ኦቦ ቱፋ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና ሴቶቹ ሲወጡ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺኛዋ የተሳደበችውን ለምን አልተረጎምሽላትም?»

«ነገር ያባብሳል ብዬ ነዋ፣ ኦቦ።»

«በይ ከዚህ መኪና ላይ ተነሺ» አሉኝ። ተነሣሁ፤ ወደ ታይፕ መኪና ዳግም አልተመለስኩም።

ኦቦ ቱፋ በሦስት መንግሥት ደመወዝ የበሉ ሰው ነበሩ። በንጉሡ ዘመን የፍርድ ቤት አስተርጓሚ፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አደራጅ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የባህል ባለሙያ። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ኩራትም እፍረትም አይታይም። «ሥራዬ ያው ዕርቅ ነው፤ አልተለወጠም» ይሉኝ ነበር። «የተለወጠው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። የንጉሡ ዳኛ ገዳዩ ማነው ይለኛል። ካድሬው ሟችና ገዳይ ከየትኛው መደብ ናቸው ይለኛል። ያሁኖቹ ደግሞ የዕርቁ ሥርዓት ለበዓል መድረክ ላይ ይቀርብ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ግን ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ነው የጠየቁት። እነዚህ ሰዎች ነገ ከአንድ ቦይ ውሃ እንዴት ይቅዱ?»

ሥራውን ያስተማሩኝ በቃል ሳይሆን አብረው ይዘውኝ በመሄድ ነው። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ከዛፉ ርቀን እናቆማታለን፤ የቀረውን በእግር ነው የምንሄደው። ሰው ሲመጣ ከሩቅ ማየት አለባቸው ይላሉ፤ በመኪና አጠገባቸው ዱብ የሚል ሰው ፖሊስ ነው ወይ ምርጫ አስመራጭ። ስንደርስ ወንበር ይመጣልናል፤ ኦቦ ቱፋ አመስግነው ወንበሩን ለሌላ ይሰጡና መሬት ይቀመጣሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ታመመው ሽማግሌ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ እቁነጠነጥ ነበር። ምርቃት ላይ እስክሪብቶ ማውጣት ክልክል ነው። ሁለት የተጣሉ ወገኖች ፊት ለፊት ሲቀመጡ ደግሞ እኛ መሐል፣ ከማንም ምንጣፍ ውጪ፣ ባዶ መሬት ላይ ነን። የመንግሥት ሰው የማንም ወገን ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም፤ ይህን አንድ ቀን እንኳ ሲያፈርሱት አላየሁም።

ለባለሥልጣን ሲያስተረጉሙ ደግሞ መታየት ነበረባቸው። አንድ አለቃችን ስለ ልማት፣ ስለ መልካም አስተዳደርና ስለ ሰላም እሴት ላብ እስኪያጠምቀው ተናገረ። ኦቦ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው በኦሮምኛ፣ «በሰላም ነው የመጣሁት ይላል» አሉና ዝም አሉ። አለቃው ግራ ገብቶት፣ «ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ብቻ?» ሲል፣ «ቋንቋው ቆጣቢ ነው፣ ጌታዬ» አሉት። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

አለቃ ብዙ አይቻለሁ። ከውሃ መሥሪያ ቤት የመጣ ነበረ፤ ችግር ሁሉ በፓምፕ የሚፈታ ይመስለዋል። የስፖርት መምህር የነበረም ነበረ፤ ስብሰባ ሲከፍት ሊያፏጭ ይቃጣዋል። ደመወዙ ለኑሮ እንጂ ለሀብት አይሆንም ነበር፤ ዝውውሩ ግን ብዙ ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ እንደገና አዳማ። ላምቤቦን ያገኘሁት በአዋሽ ሸለቆ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የሸንኮራ እርሻ ነው። በዚያን ጊዜ ኦቦ ቱፋ ጡረታ ወጥተው አዳማ ገብተዋል፤ እኔም ብቻዬን መሐል መቀመጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈውኛል።

ላምቤቦ የእርሻው የትራክተር ሹፌር ነው። ከሐድያ አባቱ ተሸክሞ ያመጣው ሕፃን ነበር፤ አባቱ እዚያው ሠርቶ፣ እዚያው ሞቶ፣ እዚያው ተቀበረ። እናቱን አያውቃትም። ያገሩ ሰው ነኝ ብሎ የሚጠይቀው ዘመድ አንድም አልነበረም። ሚስት አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። ዝምተኛ፣ ትራክተሩን እንደ በሬ የሚያሻሽ ሰው ነበር።

አገዳ በሚቆረጥበት ወቅት በአንዱ ከሰዓት፣ አገዳ የጫነውን ተጎታች እየሳበ የቦዩን ድልድይ ሲሻገር ተጎታቹ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ከድልድዩ ሥር ግመሎቹን ውሃ የሚያጠጣ ወጣት ነበር። የሮባና የሃዎ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ሮባ ከእርሻው ባሻገር ያሉት አርብቶ አደሮች የሚያከብሩት ሰው ነው፤ ሃዎ ሚስቱ ናት። ለልጃቸው ሰርግ እየተዘጋጁ ነበር። አገዳውን አንስተው ሲያወጡት ሞቷል።

ላምቤቦ አልሸሸም፤ በእግሩ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ፍርድ ቤቱ መርምሮ፣ አደጋው በቸልተኝነት የደረሰ ነው ብሎ በገደብ ቀጣው። በመንግሥት በኩል ነገሩ አለቀ። በሮባ በኩል ግን ገና አልተጀመረም ነበር። በነሱ ሥርዓት ሰው ከሞተ፣ በስሕተትም ቢሆን፣ ጉማ አለ። የገዳይ ጎሳ ሽማግሌ ልኮ ይለምናል፤ ይባረራል፣ ደግሞ ይለምናል። በኋላ ከብቱን ነድቶ ይመጣና ሁለቱ ወገኖች ደም ይታጠባሉ። ሮባ ይህን ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ላምቤቦ የሚልከው ጎሳ እንደሌለው ሮባ በምን ያውቃል? ንቀውኝ ነው አለ።

የኔ ኃላፊ በዚያን ጊዜ ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነበር። ሌላ ሰው ሳይሞት ነገሩን እንቁረጠው አለ፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የሰላም በዓል ሊከበር ስለነበረ ዕርቁ ከበዓሉ ጋር እንዲሆን ተወሰነ። ከብቶቹ በጽሕፈት ቤቱ ገንዘብ ተገዙ። አዳራሽ ተዘጋጀ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ካሜራ መጣ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ።

የሮባን ወገን ይዘው የመጡት ኦቦ ቦሩ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈራቸው ቃላቸው የሚሰማ ሰው። አዳራሹ ደጃፍ ላይ የታሰሩትን ከብቶች ዞር ዞር ብለው አዩና ጠየቁኝ።

«እነዚህን ማን ነው የነዳቸው?»

ለኃላፊው ተረጎምኩለት። «መንግሥት ነው በሏቸው» አለኝ ፈገግ ብሎ። እኔም አልኳቸው። ኦቦ ቦሩ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ለከብቶቹ ጀርባቸውን ሰጡ። እንዲህ ያለውን ጀርባ አውቀዋለሁ። ወደ ኃላፊው ጠጋ ብዬ፣ «ይቅር፣ ዛሬ አይሆንም» አልኩት። «እንግዶቹ እኮ ተቀምጠዋል፣ ወይዘሮ ዘነበች» አለኝ። ሮባና ላምቤቦ መድረክ ላይ ወጥተው ተጨባበጡ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሃዎ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

በማግሥቱ ከብቶቹ የእርሻው በር ላይ ተለቀው ተገኙ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስተርጎም አያስፈልግም ነበር፤ በሪፖርቱ ላይ ግን «ከብቶቹ ጠፍተው ተገኙ» ተብሎ ተጻፈ። ሪፖርቱን ያመነው ላምቤቦ ታርቄያለሁ ብሎ ትራክተሩ ላይ ወጣ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ በገበያ ቀን ለልጆቹ ጫማ ሊገዛ ሲወጣ የሟቹ አጎት ቀኝ ትከሻውን በጩቤ ወጋው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልተንቀሳቀሰም። አጎትየው አልሸሸም፤ ሲያዝ «ጉማ አልመጣልንም» ብቻ ነው ያለው።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተሰበርኩበት ጊዜ የለም። ሆስፒታል ስሄድ ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቆሟል፤ ለመግባት ድፍረት አጥቷል። «እኔ ሰው እንዲድን ነበር የፈለግኩት» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት፤ እውነትም አውቃለሁ።

ቅዳሜውን ወደ አዳማ ወጣሁና ኦቦ ቱፋ ቤት ሄድኩ። ከድሮው መናኸሪያ ጀርባ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሬዲዮኑን ዝቅ አድርገው ሁሉንም ሳያቋርጡኝ አዳመጡ።

«እንግዲህ ሮባን ያስታረቃችሁት ከማን ጋር ነው?» አሉኝ።

«ከላምቤቦ ጋር ነዋ።»

«ላምቤቦ አንድ ሰው ነው። ከኋላው ማን ነበር?»

«ጽሕፈት ቤቱ።»

«ጽሕፈት ቤት ልጅ ይወልዳል እንዴ?»

«ጉማ ላይ የሚቆም ሰው ቂም ብይዝ በልጄ ይድረስ ብሎ ነው የሚምለው» አሉኝ። «ሮባ በከብቱ ሳይሆን በዚያ መሐላ ነው የሚያምነው። የናንተ ኃላፊ ነገ ሲዛወር መሐላውን ይዞት ይሄዳል ወይስ ለተተኪው ያስረክባል?»

«ታዲያ ጎሳ የሌለው ሰው ምን ይሁን፣ ኦቦ?»

«አላውቅም» አሉኝ። ከሳቸው አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «በንጉሡ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አይቻለሁ፤ አገር ለቆ ጠፋ። በደርግ ጊዜም አይቻለሁ፤ ማኅበሩ ይቆምለታል ተባለ፣ ማኅበሩ ራሱ ፈረሰ። ያንቺ ዘመን ምን እንደሚያደርግ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።»

ሰኞ ከሆስፒታል የወጣውን ላምቤቦን ልጠይቅ ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ሄድኩ። ሚስቱ ዕቃ ትጠቀልላለች። እሱ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ፣ «እንሄዳለን» አለኝ።

«ወዴት?» አልኩት።

«አገሬ።»

ሚስቱ ጥቅልሉን እንደያዘች ዘወር ብላ፣ «አገርህ የት ነው?» አለችው። አባቱ የተቀበረው ከዚያ ቤት በእግር ጥቂት መንገድ ላይ ነው። እጁን ካጣ በኋላ የትም ሄዶ ትራክተር አይነዳም፤ እዚህ ከቀረ ደግሞ ያልታጠበ ደም አለበት፤ ከበር በወጣ ቁጥር ሚስቱ ልታለቅስ ነው። ልጆቹ ሲያድጉ ዕዳው ወደነሱ ይዞራል።

ቤቱ ውስጥ ጎረቤቶች ነበሩ። አንዱ ሰይድ ይባላል፣ የወሎ ሰው ነው፤ ሱቅ አለው፤ የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ ነው። ጥቅልሉን ከሴትየዋ እጅ ወሰደና መሬት አኖረው።

«እትዬ ዘነቡ» አለኝ፣ «ይህ ሰው ያኔ ቢሞት ኖሮ ማን ይቀብረው ነበር? መንግሥት?»

«እናንተ ናችኋ።»

«ወላሂ እኛ ነን። ሞቶ የምንቆምለትን ሰው ቁሞ ሳለ ሌላ ማን ይቁምለት?»

ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል አላለቀም። ዕድሩ ሲሰበሰብ ጉማ ምን እንደሆነ፣ መሐላው ልጅ ላይ እንደሚያርፍ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። አንዱ የወላይታ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ «እኔ ትራክተር አልነዳሁ። የሱ ጥፋት ለኔ ልጅ ለምን ይተርፋል?» አለ። ትክክል ነበር፤ ማንም አልሰደበውም። አንዲት ሴት፣ ዕድር ማለት ለቅሶ ላይ ድንኳን መትከል እንጂ ደም መካፈል አይደለም አለች። ክርክሩ ጦፈ፤ ተበትኖ በሌላ ቀን ደግሞ ተጀመረ። በኋላ ሰይድ፣ «የሚቆም ይቁም፣ የማይቆም ይቀመጥ፤ የተቀመጠውንም ሲሞት እንቀብረዋለን» አለና ቋጨው።

ኦቦ ቦሩ ዘንድ ስሄድ መኪናዋን ከሩቅ አቆምኳት። አካም ጅርቱ ተባብለን፣ ስለ ሣሩ ተጠያይቀን፣ ስለ ግመሉ ተጠያይቀን ጉዳዬን አነሣሁ።

«ይህ ዕድር የምትይው ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሚቀባበሩ ሰዎች ናቸው።»

«ሃይማኖታቸው አንድ ነው?»

«አይደለም።»

«ቋንቋቸውስ?»

«አይደለም።»

«ይጋባሉ?»

«አንዳንዶቹ ይጋባሉ።»

ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «የሰው ዘር እንዲህ ተቀላቅሎ ሲኖር ለወገኑ አያፍርም ማለት ነው?»

«ኦቦ፣ እኔ ራሴ እንዲህ ካለ ሰፈር ነው የወጣሁት» አልኳቸው። «ያፍራል። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ነው የሚያፍርለት።»

«እንግዲያው መጥተው ይታዩ» አሉኝ።

ሄዱ። ሰይድና ሌሎች አዛውንቶች የሮባ ደጅ ቆሙ፤ የመጀመሪያውን ቀን ውሃ እንኳ ያቀረበላቸው የለም። ተመለሱ፣ ደግሞ ሄዱ። ፀሐይ ሲያቃጥላቸው ውሎ ይገባሉ፤ ሱቁ ተዘግቶ ይውላል። በአንዱ ቀን ሮባ ከቤቱ ወጥቶ ሳያናግራቸው አልፏቸው ሄደ። በሌላው ቀን ተቀምጡ አላቸው። ያን ጊዜ ሰይድ እዚያው ሆኖ ስልክ ደወለልኝ።

የዕርቁ ቀን ያለ ባነር ነበር፤ ኃላፊው ራሱ ነው ካሜራው ይቅር ያለው። ኦቦ ቱፋ ሊመጡ ፈልገው ጤናቸው አልፈቀደም። ከትልቅ ግራር ሥር ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀመጡ። በላምቤቦ በኩል የተቀመጠው ሰው እንዲህ ነው ተብሎ የሚመደብ አይደለም። ኮፍያ የደፋ አለ፣ መስቀል ያሰረ አለ፣ የፋብሪካ ቱታውን ሳያወልቅ የመጣ አለ። የነዷቸው ከብቶች ደግሞ ከየቤቱ የተዋጡ ናቸው፤ ከአንዱ ጊደር፣ ከሌላው ወይፈን፣ አንዲት መበለት ያመጣቻት ፍየልም አለች። ኦቦ ቦሩ በዚህ ጊዜ ማን ነዳቸው ብለው አልጠየቁም፤ ሲነዱ አይተዋቸዋል።

ይልቅ ሰዎቹን በየተራ እያስነሡ፣ «ምኑ ነህ?» አሏቸው። እኔ እተረጉማለሁ።

ሰይድ፣ «አባቱን የቀበርኩ ነኝ» አለ።

አንዲት የጉራጌ ሴት፣ «ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ ያገነፋሁላት ነኝ» አለች።

ቱታ የለበሰው፣ «አብሮ አደጉ ነኝ፤ እሱ ባይኖር ቦዩ ውስጥ ሰጥሜ ነበር» አለ። ያ የተቃወመው የወላይታ ሽማግሌም መጥቶ ነበር። ሲነሣ፣ «ምኑም አይደለሁም፤ ጎረቤቱ ነኝ» አለና ተቀመጠ።

ከዚያ ኦቦ ቦሩ መሐላውን ተናገሩ። ቂም የሚይዝ ቢኖር በልጁ ይድረስ። የማይችል አሁን ይነሣና ይሂድ፣ ነውር የለበትም። ተረጎምኩ። ሁለት ሰዎች ተነሥተው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። የቀሩት ቀሩ።

ሃዎ እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። አሁን ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። «ይህቺስ?» አለች። «ስትናገር በኛ ቋንቋ ትናገራለች። ስትጽፍ ለመንግሥት ትጽፋለች። ባለፈውም ጊዜ መሐል ላይ ነበረች። ወገኗ ማን ነው?»

እሱን ለማንም አልተረጎምኩትም። ሁሉም ያየኛል። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ያኔ አዳማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ ፊቷ መጣብኝ። ከመሬት ተነሥቼ ቀሚሴን አራገፍኩና ወደ ላምቤቦ ወገን ሄድኩ።

«ወይዘሮ ዘነበች» አለ ኃላፊው ደንግጦ፣ «እርስዎ እኮ የጽሕፈት ቤቱ ተወካይ ነዎት።»

«ውክልናውን እርስዎ ይያዙት» አልኩት፣ «እኔ የአገዳ ቆራጭ ልጅ ነኝ።» በሰይድና በጉራጌዋ ሴት መሐል ተቀመጥኩ። ጠጋ አሉልኝ። ምንጣፉ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር፤ ይኮሰኩሳል። በልጄ ማልኩ።

ከዚያ በኋላ መሐል ላይ ሰው ስለሌለ የሆነው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ነው የሆነው። ለዕርቁ የመጣው በግ ታረደ። ሮባ ተነሥቶ መጣና ቀኝ እጁን ደሙ ላይ ዘረጋ። ላምቤቦም ተነሥቶ ግራውን ዘረጋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ማጉረምረም ተሰማ። ዕርቅ በቀኝ ነው፤ በግራ የተጨባበጠ ሰው አልታረቀም። ላምቤቦ ገባውና ቀኝ እጁን ሊያነሣ ታገለ። ትከሻው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ላቡ ግንባሩ ላይ ወረደ። ያ እጅ ለምን እንደማይነሣ ግራሩ ሥር የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ማን እንዳደረገውም። ሮባ እጁን እንደዘረጋ ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ።

ሃዎ ተነሣች። ላምቤቦ ፊት ተንበረከከችና የተንጠለጠለውን እጁን ከታች ደግፋ በሁለት እጇ አነሣችው። የባሏን እጅ ሳበችና ላዩ ላይ አስቀመጠችው፤ ሁለቱንም ይዛ ደሙ ላይ አወረደቻቸው። ከዚያ ውሃውን አቀረበች። መጀመሪያ የባሏን አጠበች። የላምቤቦን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ እየዘረጋች፣ በጥፍሩ ሥር የገባውን ሳይቀር አጠበችው። ሮባ አለቀሰ። ላምቤቦ እጁን ለመሰብሰብ አልሞከረም። ኦቦ ቦሩ ምርቃቱን የጀመሩት እሷ አጥባ ጨርሳ፣ እጁን በልብሷ ጫፍ አድርቃ፣ ደረቱ ላይ መልሳ ካኖረችለት በኋላ ነው።